«አልከራከርም» ብሎ የተቀጣ ሰው፣ የካሣ ውሉ ምን ይሆናል? ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን አንድ ወንድም «ፍርድ ቤት ኖ ኮንቴስት (አልከራከርም) ብዬ ተገላገልኩ ስል፣ ድርጅቱ ደግሞ በውላችን መሠረት ካሣ ክፈል አለኝ» ብሎ ጽፎልኝ ነበር። የካሣ ውል የምለው አንዱ ወገን የሌላውን ኪሣራ ወይም ወጪ እሸፍናለሁ ብሎ የሚገባውን ነው። ይህን ለጓደኞች ካነሳሁ ወዲህ ተመሳሳይ ጥያቄ በዛ፤ ስለዚህ የቻልኩትን ልመልስ። እዚህ አሜሪካ ውል በማንበብ እንጀራዬን የምበላ ሰው ነኝ እንጂ የማናችሁም ጠበቃ አይደለሁም። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ኖ ኮንቴስት ማለት «ጥፋተኛ ነኝ» ማለት አይደለም እንዴ?

መልስ፦ ወንጀል ችሎቱ ውስጥ ያው ነው፤ ይፈረድብሃል፣ ትቀጣለህ። ልዩነቱ የሚመጣው ከዚያ ስትወጣ ነው። «ጥፋተኛ ነኝ» ያልክ እንደሆነ ቃልህ በፍትሐ ብሔር ክስ ላይ ይመዘዝብሃል። «አልከራከርም» ካልክ ግን በፌዴራል የማስረጃ ደንብ ቁጥር 410 መሠረት አይቀርብብህም። ፌዴራል ፍርድ ቤትም ይህን ቃል ዳኛው ሳይፈቅድ አይቀበልም።

ቃሉ አይቀርብም ማለት ግን ክሱ ቀረ ማለት አይደለም። ምክትል ፕሬዚዳንት ስፓይሮ አግኒው በ1973 በገቢ ግብር ክስ «አልከራከርም» ብለው 10,000 ዶላር ተቀጡ፤ ሥልጣናቸውንም ለቀቁ። በኋላ ሜሪላንድ ውስጥ የተቀበሉትን ጉቦ እንዲመልሱ በፍትሐ ብሔር ተከሰው ተረቱ፤ በ1983 ከነወለዱ ከ268 ሺህ ዶላር በላይ ከፈሉ።

ጥያቄ፦ ቴክሳስ ውስጥ የራሴን ትራክ በአንድ ድርጅት ሥር እነዳለሁ። ሌይን ስቀይር መኪና ገጨሁ፤ ለቲኬቱ ኖ ኮንቴስት አልኩ። ድርጅቱ ለተጎጂው ከፍሎ አሁን በውላችን የኢንደምኒፊኬሽን (የካሣ) አንቀጽ እኔን ይጠይቀኛል። ያልኩት ነገር ይጎዳኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ የቴክሳስ ሕግ በዚህ ግልጽ ነው። ከዚያው ድርጊት በተነሳ የፍትሐ ብሔር ክስ ላይ ቃልህ ጥፋትህን እንዳመንክ አይቆጠርብህም። «ፍርድ ቤት አምኗል» ሊሉህ አይችሉም።

አሁን ውሉን አውጣና አንቀጹን ቃል በቃል አንብበው። «ከሥራው ጋር በተያያዘ ለሚደርስ ማንኛውም ጉዳት» ካለ ጥፋትህን ማንም አይጠይቅም፤ ምን ብለህ እንደመለስክም ለውጥ አያመጣም። «በቸልተኝነቱ ለደረሰ ጉዳት» ካለ ማስረዳት የእነሱ ፈንታ ነው፤ የፖሊስ ሪፖርቱን፣ ምስክሩን፣ ዳሽካሙን ያመጣሉ። ዳሽካሙ ያንተ ከሆነ ቪዲዮውን እንዳታጠፋ፤ ማጥፋቱ ከግጭቱ የባሰ ጣጣ ያመጣል።

ሦስተኛው ዓይነት ነው የሚያስፈራኝ፦ «ሹፌሩ ጥፋተኛ ነኝ ወይም አልከራከርም ካለ ሙሉ ወጪውን ይሸፍናል» የሚል። እዚህ ላይ ድርጅቱ «ቃሉን የማቀርበው ጥፋተኛ መሆኑን ላሳይ ብዬ ሳይሆን ውሉ ያስቀመጠው ሁኔታ መድረሱን ላሳይ ነው» ብሎ ይከራከራል። ሕጉ የከለለህን አንተው በፊርማህ አስነሥተኸዋል ማለት ነው።

ጥያቄ፦ የአንድ ኩባንያ ኃላፊ ነኝ፤ በሥራዬ ምክንያት ተከስሻለሁ። አልከራከርም ብል ኩባንያው የጠበቃዬን ወጪ ይከለክለኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ኩባንያሽ ዴላዌር የተመዘገበ ከሆነ የኩባንያ ሕጉ አንቀጽ 145 ይመለከትሻል። ሁለት ነገር ለይተሽ እዪ።

አንደኛው፣ ኩባንያው ሊከፍልሽ የሚችልበት ነው። በቅን ልቦና ከሠራሽና ድርጊቱ ሕገወጥ ነው ብለሽ የምታምኚበት በቂ ምክንያት ካልነበረሽ ወጪሽን ሊሸፍን ይችላል። ሕጉ «አልከራከርም» ማለት ብቻውን ቅን እንዳልነበርሽ አያስገምትም ይላል። ስለዚህ በሩ አልተዘጋም።

ሁለተኛው፣ ኩባንያው የግድ የሚከፍልበት ነው፤ ይህ ለረታ ሰው ነው። እዚህ ላይ የሉዊስ ዎልፍሰን ጉዳይ አለ። ሰውዬው የሜሪት ቻፕማን ኤንድ ስኮት ኃላፊ ነበር። በተደራረበ ክስ ተከሶ በአንዱ ላይ ብቻ «አልከራከርም» አለ፤ የቀሩት ተነሱለት። በ1974 የዴላዌር ፍርድ ቤት በተነሱት ክሶች ላይ እንደ ረታ ቆጥሮ ያንን ወጪ ኩባንያው ይክፈለው አለ፤ አልከራከርም ያለበትን ግን ነፈገው። ስለዚህ ጠበቃሽ ሰዓቱን በየክሱ ለይቶ እንዲመዘግብ ከዛሬ ጀምሮ ንገሪው። ሁሉም በአንድ ቢል ከተደባለቀ በኋላ መለየቱ ጭንቅ ነው። ቀድሞ የተከፈለልሽ ካለም፣ ኋላ አይገባትም ከተባለ እመልሳለሁ ብለሽ ፈርመሻልና ወረቀቱን ፈልጊው።

ጥያቄ፦ አልከራከርም ብዬ የተቀጣሁት እኔ፣ ካሣ ጠያቂውም እኔው ነኝ። ያኔም ደንብ 410 ይከልለኛል?

መልስ፦ እንደ ጋሻ ይዘኸው በነበረው ነገር ልትወጋ ስትነሳ አንዳንድ ዳኞች አይወዱም። በ1988 የፌዴራሉ ስድስተኛው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት፣ አልከራከርም ብለው የተቀጡ ሰዎች ያላግባብ ታሰርን ብለው ፖሊሶችን ሲከሱ ያንኑ ቃላቸውን በማስረጃነት ተቀብሎባቸዋል። ካሣ ጠያቂን ለመመለስም ይህንኑ እንደሚጠቅሱብህ ጠብቅ።

ጥያቄ፦ ካሊፎርኒያስ?

መልስ፦ ከባድ ወንጀል፣ ማለትም ፌሎኒ ከሆነ ምንም ከለላ የለም፤ ጥፋተኛ ነኝ እንዳልክ ነው የሚቆጠረው። ከዚያ በታች ከሆነ ይከልልሃል። በተረፈ ሕገወጥ መሆኑን እያወቅህ ላደረግኸው ነገር አስቀድሞ የተገባልህ የካሣ ውል እዚያ ፈራሽ ነው።

ጥያቄ፦ አገር ቤትስ እንዲህ ያለ ነገር አለ?

መልስ፦ በ1954 ዓ.ም. (ይህ በአገራችን አቆጣጠር ነው) በወጣው የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕጋችን የእምነት ክህደት ቃል ስትጠየቅ ዝም ብትል እንደ ካድክ ይመዘገባል። መካከለኛ መንገድ የለውም።

ጥያቄ፦ ግሪን ካርድ ነው ያለኝ። ጠበቃው «ኖ ኮንቴስት በል፣ ቀላል ነው» አለኝ።

መልስ፦ የካሣውን ነገር ለጊዜው ተወው። በኢሚግሬሽን ሕግ «አልከራከርም» ብለህ ቅጣት ወይም ፕሮቤሽን ከተጣለብህ ተፈርዶብሃል፤ ከ«ጥፋተኛ ነኝ» አይለይም። በ2010 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በፓዲያ ጉዳይ የወንጀል ጠበቃ ስለዚህ የመምከር ግዴታ አለበት ብሏል። ነገ ጠዋት ደውልና «ይህ ቃል ከአገር ያስባርረኛል ወይ?» ብለህ ጠይቀው፤ መልሱንም በጽሑፍ ይስጥህ።