እርጎና ፕሮባዮቲክ ቁስል ላይ ይደረጋል ወይ ለሚለው ጥያቄ

የስኳር ሕመም ያለባቸው እናትዎ እግራቸው ላይ የወጣው ቁስል መግል ይዞ አልሽር እንዳለ፣ ጎረቤትም «ውጭ አገር ጠቃሚ ባክቴሪያ ቁስል ላይ ይቀባሉ፤ እርጎም ያው ነው» እንዳለዎት ጽፈው፣ እርጎ መቀባት ወይም ከፋርማሲ የሚሸጠውን የፕሮባዮቲክ (ጠቃሚ ባክቴሪያ የያዘ) ካፕሱል ፈትቶ መነስነስ ይቻል እንደሆነ ጠይቀዋል። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ቁስል በማጠብ ለዓመታት የሠራሁ ነርስ ስለሆንሁ የማውቀውን ልጻፍልዎት። የሰሙት ከንቱ ወሬ አይደለም፤ እርጎውም ካፕሱሉም ግን አይደረግ።

በ2009 እ.ኤ.አ. የታተመ የአርጀንቲና ጥናት 80 የሚሆኑ የተቃጠሉ ሰዎችን ለሁለት ከፍሎ፣ አንዱን ወገን በቤተ ሙከራ ባደገ ላክቶባሲለስ ፕላንታረም በተባለ ባክቴሪያ፣ ሌላውን እኛም ለቃጠሎ በምንጠቀምበት በሲልቨር ሰልፋዳያዚን ቅባት አክሞ፣ ባክቴሪያው ከቅባቱ እንደማያንስ አሳይቷል። ላክቶባሲለስ የሚያመነጨው አሲድ የቁስሉን ወለል ለጎጂዎቹ ተህዋሲያን የማይመች ያደርገዋል። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን ሱዶሞናስን የሚቋቋምበት መንገድ ነው። ሱዶሞናስ ጎዙን አረንጓዴ የሚያደርገው፣ ጣፋጭ መሳይ ከባድ ሽታ ያለው ተህዋስ ሲሆን፣ ሽታውን የለመደ ነርስ ፋሻው ሳይፈታ ያውቀዋል። ቁጥሩ እስኪበረክት በኬሚካል እየተላላከ ይቆይና፣ ሲበዛ በአንድነት መርዙን ይረጫል፤ የሚያሙለጨልጭ ሽፋን ሠርቶም ከአንቲባዮቲክ ይሸሸጋል። ላክቶባሲለስ ይህን መልእክት እንደሚያውክና ሽፋኑ እንዳይሠራ እንደሚያግድ በቤተ ሙከራ ታይቷል።

እርጎ ውስጥ ላክቶባሲለስ መኖሩ እርግጥ ነው። ይሁንና ጥናቱ ላይ የዋለው ሌላ ተህዋስ ያልተቀላቀለበት፣ ማንነቱና መጠኑ የታወቀ አንድ ዘር ብቻ ነበር። የቤታችን እርጎ ካልፈላ ወተት የሚረጋ በመሆኑ፣ ዕቃው በወይራ መታጠኑ መልካም ልማድ ቢሆንም፣ ከጠቃሚው ጋር እንደ ኢ ኮላይና ስታፊሎኮከስ ያሉ ጎጂ ባክቴሪያዎችን፣ አልፎ ተርፎም የብሩሴላንና የከብት ሳንባ ነቀርሳን ተህዋሲያን ሊይዝ ይችላል። ካፕሱሉም ለመዋጥ እንጂ ለቁስል አልተሠራም፤ የሰውነት መከላከያቸው በደከመባቸው ሰዎች ላክቶባሲለስ ራሱ ደም ውስጥ ገብቶ ሕመም ያስከተለበት ጊዜ መኖሩን አይርሱ።

ከአዋበልና ከማቻከል ገጠር ቅቤ ተቀብቶ ወይም የቡና ዱቄት ተነስንሶበት የሚመጣ ቁስል ብዙ ነው። ቡናው ከመግሉ ጋር ጋግሮ ጥቁር ቅርፊት ይሠራና ከላይ የዳነ ያስመስለዋል፤ በሳላይን (ተህዋስ በሌለበት የጨው ውሃ) አርሰን ቀስ እያልን ስናነሳው ከሥሩ መግል ይፈስሳል። ከእንዲህ ዓይነቱ ቁስል ላይ የሞተው ሥጋ ተጠርጎ ካልወጣ፣ ምንም ዓይነት ባክቴሪያ ቢቀባ የሚጠቅም አይመስለኝም።

ስለዚህ እናትዎን ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዷቸውና ስኳራቸውን ያስለኩ፤ ስኳሩ ከፍ ብሎ ከቆየ ነጭ የደም ሕዋሳት በወጉ አይሠሩም፣ ነርቩም ስለሚደነዝዝ ቁስሉ እስከ አጥንት ቢዘልቅ እንኳ ላያማቸው ይችላል። መግሉ አረንጓዴ ከሆነ ለካልቸር፣ ማለትም ተህዋሱን አሳድጎ ለሚለየው ምርመራ፣ ናሙና እንዲወሰድላቸው ይጠይቁ። አሞክሳሲሊን እየገዙ መስጠት ግን ገንዘብ ማባከን ነው፤ ሱዶሞናስን አይነካውምና። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት መውሰዳቸውንም ያረጋግጡ። ቤት ውስጥ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ አጥበው በንጹሕ ጎዝ ይሸፍኑላቸው፤ በቆሰለው እግር እንዳይረግጡበት፣ በባዶ እግራቸውም ከቤት እንዳይወጡ ያድርጉ። ቅላቱ ወደ ባት ከወጣ፣ ጣታቸው ከጠቆረ ወይም ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከጀመራቸው ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ዕለት ሆስፒታል ያድርሷቸው።