መልስ፦ የሄፓታይተስ ሲ (ጉበትን የሚያጠቃ ቫይረስ) መጠን በደም ውስጥ በየወሩ ይለካ ወይ?
እህቴ፣ የአባትሽ የቫይረስ መጠን በደም ምርመራ 2 ሚሊዮን መሆኑ እንዳስደነገጠሽ ይገባኛል። ግን በሄፓታይተስ ሲ ቁጥሩ ስለበዛ ጉበቱ የባሰ ተጎድቷል ማለት አይደለም። በኢንተርፌሮን (በቀድሞው የመርፌ መድኃኒት) ዘመን 12ኛው ሳምንት ላይ ቫይረሱ በደንብ ካልቀነሰ ሕክምናው ይቋረጥ ስለነበር መለካቱ ያስፈልግ ነበር። አሁን ሶፎስቡቪርና ዳክላታስቪር የተባሉትን አዳዲስ ኪኒኖች ለሚወስድ ሰው በየወሩ መለካት ብዙም አያስፈልግም። አባትሽ ለዚህ ብለው ከአጋሮ ጅማ አይመላለሱ፤ ኪኒኑን ግን አንድም ቀን አይዝለሉ። ዋናው ምርመራ መድኃኒቱን ከጨረሱ ከ12 ሳምንት በኋላ ያለው ነው። ገንዘቡን ለሱ አስቀምጡ። ያኔ ቫይረሱ ካልተገኘ ድነዋል። አንቲቦዲው (ሰውነት ቫይረሱን ለመከላከል የሚሠራው) ግን በምርመራ ከዳኑም በኋላ ፖዘቲቭ ማለቱን ይቀጥላል፣ እንዳትደነግጡ።

አንድ ነገር አደራ፦ ሄፓታይተስ ቢ (ሌላው የጉበት ቫይረስ) ተመርምረው እንደሆነ ሐኪማቸውን ጠይቂ። የሲ መድኃኒት ተኝቶ የቆየውን ቢ ሊቀሰቅሰው ይችላል።