ለጭቃው ጨዋታ፦ ከረጅም ጥርስ በፊት ደረቅ እጅ

ወንድሜ፣ ጥያቄህ «ከ16 ዓመት በታች የራግቢ ቡድን ይዣለሁ፤ ቅዳሜ በክረምት ጭቃ የመጀመሪያ ጨዋታችን ነው፤ ለሁሉም ረጅም ጥርስ ያለው ታኬታ ላስገዛ ወይ?» የሚል ነው። አታስገዛ። ገንዘቡን ለፎጣ፣ ለትርፍ ማሊያና ለተቀያሪዎች ጃኬት አውለው። የወጣት ቡድን በጭቃ ቀን የሚሸነፈው ስለተንሸራተተ አይደለም፤ ጣቱ ደንዝዞ ኳስ ስለሚጥል ነው። ጣት የሚደነዝዘው ደግሞ ብዙ ጊዜ ዳኛው ፊሽካ ሳይነፋ በፊት ነው።

1. ታኬታ። ሕጉ እስከ 21 ሚሊ ሜትር ርዝመት ይፈቅዳል። በጫማው አፍንጫ ላይ ለብቻዋ የምትቆም ጥርስ ግን ክልክል ናት። ረጅም ጥርስ የሚጠቅመው ጭቃው ጥልቅ ሆኖ ጫፉ ከስር ያለውን ጠንካራ አፈር ሲያገኝ ብቻ ነው። ከላይ ቀጭን ጭቃ፣ ከስር ደረቅ መሬት ከሆነ ልጁ እንደ ሂል ጫማ ከፍ ብሎ ይቆምና ቁርጭምጭሚቱ ይዞርበታል። ስድስት ወይም ስምንት ጥርስ ተራርቀው የቆሙበት ሶል ጭቃውን ይለቃል፤ ብዙ ትናንሽ ጥርስ ያለው ግን መሀል ለመሀሉ ይሞላና በአምስት ደቂቃ ውስጥ ለጥ ያለ ጫማ ይሆናል። እንዲህ ያለ ታኬታ ብቻ ላላቸው ልጆች ሶሉን ትንሽ የምግብ ዘይት ቀባላቸው፤ ጭቃው ቶሎ ይረግፋል። ቀቢው አንድ ሰው ይሁን፣ ከዚያም እጁን በሳሙና ይታጠብ። ዘይት የነካው እጅ ኳስ ከነካ ቀኑን ሙሉ ትረግመዋለህ። የብረት ጥርስ ካለ በአውራ ጣትህ ዳርና ዳሩን ዳስሰው፤ አስፋልት ላይ የተራመዱበት ጥርስ ጠርዙ እንደ ምላጭ ይሆናል። ያንን በሞረድ አለስልስ፣ ካልሆነ ቀይረው። ዳኛው ከጨዋታው በፊት ይፈትሻል፤ ስለት ያለው ጥርስ ካገኘ ልጁን አያስገባውም።

2. ኳስ። ለዚህ ዕድሜ አምስት ቁጥር ነው። ሦስት አዘጋጅ፤ አንዱ ሜዳ ላይ፣ አንዱ እየተጠረገ፣ አንዱ ፌስታል ውስጥ ደርቆ የሚጠብቅ። ዳኛውን አስቀድመህ አስፈቅድ። የሚፈቀደው ግፊት ከ9.5 እስከ 10 ፒ ኤስ አይ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ማታ ሞቃት ክፍል ውስጥ ነፍቶ ጠዋት ብርድ ውስጥ ይዞት መውጣቱ ነው። 20 ዲግሪ ላይ በ9.75 የነፋኸው ኳስ 5 ዲግሪ ላይ ወደ 8.5 ገደማ ይወርዳል። ለስላሳ ኳስ እርጥብ እጅ ውስጥ እንደ ሳሙና ነው። ፓምፑንና መለኪያውን ይዘህ ሂድ፣ ሜዳው ዳር ግማሽ ሰዓት አስቀምጠውና ያኔ ንፋው። የኳሱ ቆዳ ላይ ያሉት ትናንሽ የጎማ ጉብታዎች አልቀው ልሙጥ ከሆነም ለደረቅ ቀን ልምምድ አስቀረው።

3. ማሟሟቅ፤ ዋናው ጉዳይ ይኸው ነው። አሠልጣኞች ደረቅ ቀን እንደለመዱት ልጆቹን ከ40 ደቂቃ በፊት በማሊያ አውጥተው እዚያው ሜዳ ላይ መሬት ለመሬት ታክል (ኳስ የያዘውን አቅፎ መጣል) ያለማምዳሉ። ልጆቹ ከፊሽካው በፊት እስከ ውስጥ ልብሳቸው ይበሰብሳሉ፣ ስክረም (የሁለቱ ቡድን ገፊዎች ተቆላልፈው ለኳስ የሚገፋፉበት) የሚቆምበትም ቦታ አስቀድሞ ይቦካል። ሁለት ኪሳራ በአንድ ጊዜ። ጀማሪ አሠልጣኝ እሺ፣ ዓመታት የቆየውም ይህን ሲደግም ማየት ያናድዳል። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይበቃል፤ ከሜዳው ውጪ ሣር ወይም ጠንካራ መሬት ላይ፣ ጃኬት እንደለበሱ። ሩጫው ይሁን፣ አጭር ቅብብሉም ይሁን፤ መሬት ላይ መውደቅ ግን አይኑር። ጃኬቱ የሚወልቀው ዳኛው ወደ መሀል ሲሄድ ነው።

ከውስጥ ጥጥ ካናቴራ አይልበሱ። ጥጥ ውሃውን ይዞ ሰውነት ላይ ይለጠፋል፣ ሙቀትም ይመጥጣል። ገላ ላይ የሚጠብቅ የስፖርት ልብስ ይሻላል። ጣታቸው የተቆረጠ ጓንት በሕጉ የተፈቀደ ነው፣ የሚፈልግ ያድርግ። የጫማው ማሰሪያ ሁለት ጊዜ ተቋጥሮ ትርፉ በፕላስተር ይታሰር፤ የቆሸሸ ማሰሪያ በደነዘዘ ጣት መፍታትም ማሰርም አይቻልም። በዕረፍት ማሊያ መቀየር ከቻልክ ቀይር፤ ካልቻልክ ቢያንስ ዘጠኝ ቁጥሩ (ኳሱን ከስክረም አውጥቶ የሚያቀብለው)፣ አሥር ቁጥሩ (ከእሱ የሚቀበለው) እና በላይን አውት (ከዳር የወጣ ኳስ ወደ ሜዳ ሲመለስ) ኳስ የሚወረውረው ልጅ ይቀይሩ። በዚህ ቀን ከሁሉም በላይ የሚያስፈልገው የእነሱ እጅ ነው። ዕረፍቱንም በንግግር አታርዝመው፤ የቆመ እርጥብ ልጅ በፍጥነት ይቀዘቅዛል።

አራተኛ ብዬ ስለ ተቀያሪዎች ልጽፍ ነበር፣ ግን ከላይ ካለው አይለይም። ዳር ተቀምጦ የቀዘቀዘ ተቀያሪ ሲገባ የመጀመሪያውን ኳስ ይጥላል፣ ወይም ጡንቻውን ይጎዳል። ከመሬት የሚለያቸው ነገር ከስር ይነጠፍላቸው፣ በየአምስት ደቂቃው ይነሱ፣ ሊገቡ ሲሉ ቢያንስ ሦስት ደቂቃ ይሩጡ።

ጨዋታው ራሱ። ወደ ፊት የተጣለ ኳስ ብዙ ጊዜ ስክረም ነው፣ ስክረም ሁሉ ደግሞ እዚያው ቦካ ያለ ቦታ ላይ ድካምና አደጋ ነው። ስለዚህ ቅብብሉን አሳጥረው፤ ሦስት ሜትር ይበቃል። የሚሽከረከር ረጅም ኳስ ከእርጥብ ጣት ስለሚያመልጥ ሳይሽከረከር በሁለት እጅ የሚገፋ ይሁን። ተቀባዩ በጣቱ ጫፍ ሳይሆን ክርኖቹን ሰብስቦ ወደ ደረቱ ይቀበል። የያዘው ልጅ በሁለት እጁ ደረቱ ላይ ያቅፈው፣ አጠር ባለ እርምጃ ይሩጥ፤ እርምጃ የሰፋ ሰው ሲታጠፍ ነው የሚወድቀው። ታክል የሚገባውም እንዲሁ፣ አንድ ሜትር ሲቀረው ፍጥነቱን ይቀንስ። ተንሸራቶ በእግሩ ከገባ ጉዳትም ቅጣትም አለው። በላይን አውት ለመጀመሪያው ዘላይ ወርውሩ፤ የኋላውን ለደረቅ ቀን ተዉት።

እግር ኳስ የለመዱ ልጆች መሬት ለመሬት መምታት ይወዳሉ። እርጥብ ሣር ላይ ኳሱ እየሾለከ ያመልጣል፣ ጭቃ ላይ ግን ባለበት ይሞታል። ሜዳው የቱ እንደሆነ በግምት አታውራ፤ ከጨዋታው በፊት አራቱም ማዕዘን ሄደህ ኳስ ወርውርና እይ። ማስጀመሪያው ምት ኳሱ መሬት ነክቶ ሲነሳ ስለሚመታ ጭቃ ላይ ከወደቀ አይነሳም። ሕጉ ከመሀል መስመሩ አማካይ ወይም ከዚያ ጀርባ ይላል፤ እናም መቺው ሁለት ሦስት ሜትር ወደ ኋላ ብሎ ጠንከር ያለች ቦታ ይምረጥ። አሥር ሜትሩን ማለፍ እንዳለበት ብቻ አይርሳ። ለቅጣት ምትና ከትራይ (ኳሱን ከጎል መስመሩ አልፎ መሬት ማስነካት) በኋላ ላለው ጭማሪ ምት ኳሱን አሸዋ ወይም ሰጋቱራ ላይ ማስቀመጥ ይፈቀዳል፤ የፕላስቲክ ማስቀመጫው ጭቃ ውስጥ ከሰመጠ አንድ ባልዲ አሸዋ ያድናችኋል።

ስለ ስክረም ጥንቃቄ አብዛ። ከ19 ዓመት በታች ከ1.5 ሜትር በላይ መግፋት አይፈቀድም፣ ከ45 ዲግሪ በላይ ከዞረም ዳኛው ያቆመዋል፤ በጭቃ ደግሞ መዞሩ አይቀርም። ጉልበት ታጥፎ፣ ሁለቱም እግር ሙሉ ሶሉ መሬት ላይ ሆኖ፣ እግር ከዳሌ ስር ሳይርቅ። እግራቸውን ወደ ኋላ የዘረጉ ገፊዎች ሲንሸራተቱ ፊት ያሉት ሦስቱ በአፍንጫቸው ይተከላሉ። ከወደቀ ሁሉም ወዲያው መግፋት ያቁም፣ መጀመሪያ የሚላቀቁት የኋላዎቹ ናቸው። ይህን በደረቅ ቀን አለማምድ፤ ቅዳሜ ጠዋት የሚነገር ነገር አይደለም።

አሁን ማንም የማይወደው ክፍል፣ ጨዋታውን ማስቀረት። ሜዳውን ከመኪና መስታወት ውስጥ አይተው «ይጫወታል» የሚሉ አዘጋጆች አሉ፤ አትመናቸው። በእግርህ ሄደህ ቢያንስ አምስት ቦታ በተረከዝህ ረግጠህ እይ። ጉድጓዱ ውሃ ሞልቶ ከቀረና ያ በብዙ ቦታ ከሆነ ለዳኛው ንገር። የልጅ ፊት የሚሸፍን ኩሬ ካለ ንግግርም አያስፈልግ፤ ራክ (መሬት ላይ ባለ ኳስ ዙሪያ ቆመው ሲገፋፉ) ስር በግንባሩ የተደፋ ልጅ ሌሎች ላዩ ላይ እያሉ ቀና ማለት አይችልም። መሬቱ በረዶ ሆኖ ጥርሱ ካልገባም እንዲሁ። ትንንሽ ኩሬ ከሆነ በመጥረጊያ ወደ ውጪ ግፋና በሹካ አካፋ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ወጋጋው። ሜዳው በኖራ ከተሰመረ ደግሞ ምን ዓይነት እንደሆነ ጠይቅ፤ ውሃ የነካ ኖራ ቆዳና ዓይን ያቃጥላል።

ብርድ የገባበት ልጅ ይንቀጠቀጣል፣ ይደናቀፋል፣ ምላሱ ይተሳሰራል፣ ግራ ይጋባል። ከመንቀጥቀጡ በስተቀር ጭንቅላቱን የተመታ ልጅም ተመሳሳይ ነው። የቱ እንደሆነ ሜዳ ላይ ለመለየት አትሞክር፤ በሁለቱም ይውጣ። መመታቱ ከተጠረጠረ በዚያ ቀን አይመለስም፣ «ደህና ነኝ» ቢልም። ብርድ ከሆነ እርጥቡን አውልቅ፣ አድርቅ፣ ብርድ ልብስና ኮፍያ አልብስ፤ ነቅቶ የሚያወራ ከሆነ ትኩስ ጣፋጭ ነገር ይጠጣ። እጅ እግሩን አትሸው። እንደቀዘቀዘ መንቀጥቀጡ ከቆመና መፍዘዝ ከጀመረ ተሻለው ማለት አይደለም፤ አምቡላንስ ጥራ።

ሲያልቅ እያንዳንዱ ጭረት በንጹሕ ውሃና በሳሙና ይታጠብ፣ ፎጣ አይዋዋሱ፤ የቆዳ ቁስል በቡድን ውስጥ የሚዛመተው በዚህ ነው። ታኬታውን ጭቃው ሳይደርቅ ጥረጉ፣ ውስጡን ጋዜጣ ጠቅጥቃችሁ ከእሳትና ከማሞቂያ አርቁት፤ ቆዳው ይሰነጠቃል፣ ሙጫው ይለቃል። ጥርሶቹን ፈትታችሁ ጫፋቸውን ሳይሆን ጥምዝዛቸውን ቅባት አስነኩት፤ አለዚያ ለሚቀጥለው ሳምንት በመፍቻም አይፈቱም።