የወፈረው ባት፣ የደከመው ጉልበት፦ ስለ ጡንቻ በሽታ የጠየቃችሁኝ

ሰሞኑን ከሰሜን ሸዋ የደረሱኝ ጥያቄዎች አንድ ጉዳይ ላይ ተከመሩ፦ መስኩላር ዲስትሮፊ። ጡንቻን ቀስ በቀስ እያደከመ የሚሄድ፣ ከዘረ መል ጉድለት የሚመጣ በሽታ ነው። ዓይነቱ ብዙ ነው። ልጆች ላይ የሚበዛውና ከባዱ ዱሼን ይባላል፤ ስሙ የተወሰደው በ1860ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ስለ በሽታው ከጻፈ ፈረንሳዊ ሐኪም ነው። ከ3500 እስከ 5000 ከሚወለዱ ወንዶች አንዱን ይይዛል። የጠያቂዎቹን ስም ትቼ አገራቸውን ብቻ እጠቅሳለሁ።

ልጄ 5 ዓመቱ ነው። ቶሎ ቶሎ ይወድቃል። ሲነሳ ጭኑን በእጁ እየተደገፈ ነው። ባቱ ግን ወፍራም ስለሆነ ጎረቤት «ደንዳና ልጅ ነው፣ ምን ሆነ ትያለሽ?» ይለኛል። ደሙ ሲመረመር ደግሞ «ጉበቱ ሳይሆን አይቀርም» አሉኝ። (እናት፣ ከሞላሌ)

እህቴ፣ ጎረቤትሽን ተያቸው። በእጅ ጭንን እየገፉ መነሳት የታወቀ ምልክት ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ጋወርስ በ1879 (እ.ኤ.አ.) ስለገለጸው በስሙ ይጠራል። የዳሌና የጭን ጡንቻ ሲደክም ልጁ ሥራውን ለእጁ ይሰጠዋል። የባቱ ውፍረትም የጉልበት አይደለም። የሞተውን ጡንቻ ቦታ ስብና ጠባሳ ሲይዘው ነው ባት የሚያብጠው።

የጉበቱ ነገር ብዙ ቤተሰብ ያንከራተተ ጉዳይ ነው። ኤኤስቲ እና ኤኤልቲ የሚባሉት ምርመራዎች የጉበት ይባሉ እንጂ ጡንቻ ሲጎዳም ይጨምራሉ። እንግዲህ ሐኪሙን «ሲኬ ይታይልኝ» በዪው። ሙሉ ስሙ ክሬያቲን ካይኔዝ ነው፤ ተራ የደም ምርመራ ነው። ዱሼን ባለበት ልጅ ከጤነኛው ልክ ከ10 እስከ 100 እጥፍ ይደርሳል። በዚህ ዕድሜ ልኩ ላይ ከተገኘ ዱሼን አይደለም ማለት ይቻላል። ከፍ ካለ ሪፈር አጽፈሽ ወደ ደብረ ብርሃን፣ ከዚያም ለነርቭ ሐኪምና ለዘረ መል ምርመራ ወደ አዲስ አበባ። «ሲያድግ ይተወዋል» ብሎ ዓመት መጠበቅ አያዋጣም፤ የሚረዳው መድኃኒት የሚጀመረው ልጁ ገና በእግሩ እየሄደ ሳለ ነው።

አማቴ «ይህ በሽታ ከእናንተ ቤት ነው የመጣው፣ በእኛ ዘር የለም» ይሉኛል። ባሌም ዝም ይላል። በሰባት ቤት ተቆጥሮ ነው የተጋባነው። እውነት ጥፋቱ የእኔ ነው? (ከደብረ ሲና)

አይደለም። የዱሼን ዘረ መል ያለው ኤክስ በሚባለው ክሮሞዞም (ዘረ መሎችን በሚሸከም ክር) ላይ ነው። ሴት ሁለት ኤክስ ስላላት አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይሸፍንላታል። ወንድ ያለው አንድ ነው፤ እሱንም የሚያገኘው ከእናቱ ነው። ስለዚህ አማትሽ መንገዱን አልሳቱም። ግን ይህ ማንም መርጦ የሚያስተላልፈው ነገር አይደለም። አባትም ለወንድ ልጁ በኤክስ ፈንታ ዋይ የሚባለውን ክሮሞዞም የሚሰጠው መርጦ አይደለም።

መንገዱም ቢሆን ሁልጊዜ ከአያት ቅድመ አያት አይመጣም። ከሦስት ልጆች በአንዱ ገደማ ጉድለቱ አዲስ ነው፤ እናትየው ደም ውስጥ አይገኝም። ይህ ዘረ መል ከሚታወቁት የሰው ዘረ መሎች ከረጃጅሞቹ አንዱ ነው፤ ወደ 2.2 ሚሊዮን ፊደል አለው። ያን ያህል ጽሑፍ ሲገለበጥ ስህተት ቢገባ አይገርምም። ዘረ መሉ የሚያሠራው ዲስትሮፊን የሚባል ፕሮቲን ነው፤ ለጡንቻ እንደ ጭቃ ቤት ማገር ነው። ማገር የሌለው ግድግዳ በተነካ ቁጥር ይሰነጠቃል።

የሰባት ቤቱ ነገር ጥሩ ጥያቄ ነው። ከሁለቱም ወላጅ ጉድለት ሲመጣ ብቻ የሚገለጡ የጡንቻ በሽታዎች አሉ። ዳሌንና ትከሻን የሚያደክሙት ብዙዎቹ እንዲያ ናቸው። ዘመድ ከዘመድ ሲጋባ እነሱ ይበዛሉ፤ የሰባት ቤት ቆጠራ ከእነሱ ይጠብቃል። ዱሼንን ግን አያስቆምም። ለዱሼን የአንድ ሰው ኤክስ ይበቃዋል። ባልሽም ዝም ከሚል ይህን ለእናቱ ቁጭ ብሎ ቢያነብላቸው ደስ ይለኛል።

ታናሽ ወንድሜ ዱሼን አለበት። እኔ ጤነኛ ነኝ፣ ሠርጌ ደርሷል። ለእጮኛዬ ልንገረው? (ከደብረ ብርሃን)

መጀመሪያ አንቺ እወቂ፤ ከዚያ ንገሪው። እናትሽ ተሸካሚ (የተበላሸውን ኤክስ የያዙ) ከሆኑ አንቺም የመሆን ዕድልሽ ግማሽ በግማሽ ነው። ተሸካሚ ከሆንሽ በእያንዳንዱ እርግዝና ወንዱ የመታመም፣ ሴቷ ደግሞ ተሸካሚ የመሆን ዕድላቸው እንደዚያው ግማሽ ነው። የወንድምሽ ጉድለት በዘረ መል ምርመራ ከታወቀ አንቺ ላይ መፈለግ ቀላል ነው። ስለዚህ የእሱን ውጤት ወረቀት አትጣይው። ሌላም ነገር አለ፤ ተሸካሚ ሴቶች ላይ አንዳንዴ ልብ ይደክማል። የልብ አልትራሳውንድ መታየት ለራስሽም ይጠቅማል።

ልጄን ሸንኮራ ዮሐንስ ጸበል ልወስደው ነው። ፕሬድኒሶሎን ይወስዳል። «ጸበልና መድኃኒት አይሄድም» አሉኝ። (አባት፣ ከአንኮበር)

ጸበሉን ይውሰዱት፣ ክኒኑንም ይስጡት። ይህ የእምነት ክርክር አይደለም። ፕሬድኒሶሎን ስቴሮይድ ከሚባሉት መድኃኒቶች አንዱ ነው፤ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ሰውነት የራሱን ተመሳሳይ ሆርሞን ማምረት ያቆማል። ክኒኑ ድንገት ሲቋረጥ ልጁ ሊያስመልሰው፣ ደሙ ሊወርድ፣ ራሱን ሊስት ይችላል። ሞትም ሊመጣ ይችላል። ማስመለስና ተቅማጥ ይዞት ክኒኑ አልረጋለት ካለም በአስቸኳይ ሆስፒታል ይውሰዱት፣ «ስቴሮይድ ይወስዳል» ይበሉ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ አንኮበርን ስለማውቀው ነው። ዳገት መውጣት ልጁን ያደክመዋል፣ ቁልቁለት መውረድ ግን ጡንቻውን ይበልጥ ይጎዳዋል። እየተለጠጠ የሚሠራ ጡንቻ ቶሎ ይሰነጠቃል። ቁልቁለቱን በበቅሎ ወይም በጀርባ ይውረድ።

ወጌሻም ቤት አይውሰዱት። ስቴሮይድ አጥንት ያሳሳል፤ በኃይል መጎተት ሊሰብረው ይችላል። የሚጠቅመው በየቀኑ ቀስ ብሎ ቁርጭምጭሚቱን ወደ ላይ ማጠፍ፣ የተረከዙን ጅማት ማሳሳብ ነው። ፊዚዮቴራፒስት አንዴ ካሳየዎት ቤት ይሠሩታል። «ይጠንክር» ብለው ገንፎ በቅቤም አያብዙበት። ክኒኑ ራሱ የምግብ ፍላጎት ይከፍታል፤ የደከመ እግር የሚሸከመው ኪሎ መብዛት የለበትም። ወተትና ፀሐይ ግን ለአጥንቱ ይበጁታል።

ልጄ 11 ዓመቱ ነው፣ እያዘልኩት ነው ትምህርት ቤት የማደርሰው። ዊልቸር ላይ ካስቀመጥኩት እግሩ ጭራሽ አይረሳም? (ከመሐል ሜዳ)

እግሩን የሚያደክመው በሽታው ነው፣ ወንበሩ አይደለም። ዱሼን ያለባቸው ብዙ ልጆች እስከ 12 ዓመት ገደማ መራመድ ያቆማሉ። ወንበሩ የሚመጣው ልጁ ከጓደኞቹ እንዳይቀር ነው። በልኩ የተሠራ ይሁን፤ ሰፊ ወንበር ላይ ወደ ጎን ሲያጋድል ጀርባው ይጣመማል። ለአስተማሪውም ይንገሩት፦ ክፍሉ ደረጃ የሌለው ይሁን፣ መጸዳጃ ቤቱ ቅርብ ይሁን። ስፖርት ላይ «ሰነፍ» አይባል።

የ17 ዓመት ልጄ ጠዋት ጠዋት ራሱን ያመዋል፣ ሌሊት ይገላበጣል። ብርዱ ነው? (ከደብረ ብርሃን)

የደብረ ብርሃንን ብርድ ማን ይክዳል። ግን ይህ የትንፋሽ ምልክት ሊሆን ይችላል። የደረት ጡንቻ ሲደክም ሌሊት የተቃጠለው አየር አይወጣም፤ ጠዋት ራስ ያማል። ከተማው 2800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ የሚተነፍሰው ኦክስጅንም ከቆላው ያነሰ ነው። ሳይዘገይ ይታይ። የሚያስፈልገው አብዛኛውን ጊዜ በጭንብል ትንፋሽ የሚያግዝ ማሽን ነው። ኦክስጅን ብቻውን ሲሰጥ ትንፋሹን የባሰ ሊያዘገይ ስለሚችል ድንገተኛ ክፍል ከሄዳችሁ በሽታውን ተናገሩ። ልቡም በየዓመቱ ይታይ። ቀዶ ሕክምና ካጋጠመው ደግሞ ሰመመን ሰጪውን ቀድማችሁ አናግሩ፤ ሰክሲኒልኮሊን የሚባለው መድኃኒት ለእነዚህ ልጆች አይሰጥም፣ ልብ ሊያቆም ይችላል።

35 ዓመቴ ነው። የሰው እጅ ስጨብጥ ቶሎ አልለቅም። አባቴም እንዲሁ ነበር፣ በ40 ዓመቱ ሞራ ዓይኑን ጋረደው። (ከአረርቲ)

ወንድሜ፣ ይህ ሌላ ዓይነት ይመስላል፤ ማዮቶኒክ ዲስትሮፊ። በወንድም በሴትም ይተላለፋል፤ ለእያንዳንዱ ልጅ ዕድሉ ግማሽ ነው። ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲሄድ ቀደም ብሎና ከብዶ መምጣት ይወዳል። እጅህ አይደለም የሚያሰጋኝ፣ የልብህ ምት ነው። ኢሲጂ (የልብ ምት የሚያሳይ ምርመራ) በዚህ ሳምንት ተነሣ። ራስህን የሳትክበት ቀን ካለ ለሐኪሙ አትደብቅ።

አሜሪካ መድኃኒቱ ተገኘ ሲባል ሰማሁ። ቤቴን ልሽጥ? (ከሸዋ ሮቢት)

አይሽጡ። በ2023 (እ.ኤ.አ.) አንድ የዘረ መል ሕክምና እዚያ ተፈቅዷል። ዋጋው ከ3 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው፤ ቤትዎ አይደርስበትም። በሽታውን ከሥሩ አያጠፋም። በ2025 (እ.ኤ.አ.) መራመድ ያቆሙ ሁለት ታማሚዎች ከሕክምናው በኋላ ጉበታቸው ከድቷቸው ሞተዋል። ማንም ደላላ ደውሎ «አስመጣልዎታለሁ፣ ቅድሚያ ይላኩ» ካለዎት ስልኩን ይዝጉበት።