በውድድር የዘፈንኩት ዘፈን በአልበም ሲወጣ ምን መብት አለኝ?

ጥያቄ፦ በአንድ የቴሌቪዥን የድምፃውያን ውድድር ለፍጻሜ ደርሼ ነበር። አዘጋጁ ድርጅት ለፍጻሜ የደረስነው ተወዳዳሪዎች የዘፈንናቸውን የሌሎች ድምፃውያን ሥራዎች ሰብስቦ በአልበም አወጣ፤ እኔን ግን ማንም አላስፈቀደኝም፣ ክፍያም አላገኘሁም። መብት አለኝ? የዘፈኑ ደራሲስ ሊከሰኝ ይችላል?

ምላሽ፦ በእንዲህ ያለ ዘፈን ላይ ቢያንስ ሦስት ባለመብቶች አሉ፤ ግጥሙና ዜማው የደራሲዎቹ፣ ክዋኔው (አዘፋፈኑ) የእርስዎ፣ የድምፅ ቅጂው ደግሞ የፕሮዲዩሰሩ ነው። ስለዚህ ዘፈኑ የሌላ ሰው መሆኑ በአዘፋፈንዎ ላይ ያለዎትን መብት አያስቀረውም።

አስቀድመው ማጣራት የሚገባዎት በአልበሙ ላይ ያለው ድምፅዎ ለብቻው በስቱዲዮ የተቀዳ ወይም ከቴሌቪዥኑ ቀረጻ የተወሰደ መሆኑን ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 የተፈረመው፣ የከዋኞችን (የዘፋኞችን፣ የተዋንያንን) መብት የሚመለከተው ዓለም አቀፍ የሮም ስምምነት፣ ከዋኙ ለአንድ ዓላማ የፈቀደው ቅጂ ያለፈቃዱ ለሌላ ዓላማ እንዳይባዛ ጥበቃ ይሰጠዋል፤ ይኸው ስምምነት ግን በአንቀጽ 19 ክዋኔው በምስል እንዲቀረጽ አንዴ የፈቀደን ሰው ከዚህ ጥበቃ ያወጣዋል። እ.ኤ.አ. በ2012 የጸደቀው፣ በምስል የተቀረጹ ክዋኔዎችን የሚመለከተው የቤጂንግ ስምምነት ይህን ክፍተት ለመሙላት የመጣ ቢሆንም ሁሉም አገሮች ስላልተቀበሉት፣ የአገርዎ ሕግ የትኛውን እንደተከተለ መታየት አለበት።

ቀጥሎ የሚታየው ውልዎ ነው። ተወዳዳሪዎች በማጣሪያው ሰሞን ተቻኩለው የሚፈርሙት ሰነድ፣ በእኔ ግምት፣ ከዳኞቹ ነጥብ ይልቅ የወደፊት ዕጣቸውን ይወስናል። «ማናቸውንም መብት በማናቸውም መንገድ» አስተላልፈው ከሆነ ክርክርዎ ይጠባል፤ ውሉ ስለ ቴሌቪዥን ሥርጭት ብቻ የሚናገር ከሆነ ግን አልበሙ ከፈቃድዎ ወሰን ያለፈ ነው ብለው ክፍያ ለመጠየቅ ጠንካራ መሠረት አለዎት። ስምዎ ከዘፈኑ ጋር እንዲጠቀስ የመጠየቅ መብት ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1996 በጸደቀው የክዋኔዎችና የፎኖግራሞች (የድምፅ ቅጂዎች) ስምምነት መሠረት፣ የገንዘብ መብትዎን ካስተላለፉ በኋላም አብሮዎት ይቆያል።

ደራሲዎቹን በተመለከተ፣ ዘፈኑን በቴሌቪዥን ለማሰማት የተገኘ ፈቃድ በአልበም ለማባዛት አያገለግልም። አሜሪካን በመሳሰሉ አገሮች አስቀድሞ ለሕዝብ የቀረበን ዘፈን በሕግ የተወሰነውን ክፍያ ፈጽሞ ዳግም መቅዳት ይቻላል፤ በሌሎች አገሮች የባለመብቱ ፈቃድ ያስፈልጋል። ይህን የማሟላቱ ኃላፊነት በተለምዶ የአልበሙ አሳታሚ ነው። ስጋት የሚሆንብዎት፣ እንደ ዘፈኑ ደራሲ ያለ ሦስተኛ ወገን ለሚያነሳው ጥያቄ ተወዳዳሪው ካሣ እንዲከፍል የሚያስገድድ አንቀጽ በውሉ ውስጥ ካለ ነው።

እንግዲህ የውሉን ቅጂና የአልበሙን የሽያጭ ሂሳብ አዘጋጁን በጽሑፍ ይጠይቁ፤ በምላሹ የሚቀርብልዎትን ማንኛውንም የስምምነት ወይም የክፍያ ሰነድ ጠበቃ ሳያየው አይፈርሙ።