አረቄ አቁማችሁ ለምትታገሉ ልጆቼ፣ ስለ ደም ምርመራው

ልጆቼ፣ ዕድሜዬን የጨረስኩት ደብረ ብርሃን ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። እዚህ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ስንቱ ልጅ "ለብርድ" ብሎ በአንድ መለኪያ አረቄ ጀምሮ በዚያው ቀረ። እናቶች ልጃቸውን ይዘው ይመጡና "እባክዎ ዶክተር፣ ይኼ ልጅ ዳግመኛ ይጠጣ እንደሁ ከደሙ አይታይም ወይ?" ይሉኛል።

አይታይም። ያሉን ምርመራዎች የሚናገሩት ስላለፈው ነው። ጂጂቲ የሚባለው የጉበት ኢንዛይም በመጠጥ ይጨምራል፣ ግን በሌላ የጉበት በሽታም በአንዳንድ መድኃኒትም ይጨምራል። የእያንዳንዱ ቀይ ደም ሴል ትልቀት ደግሞ በመጠጥ ይጨምራል፣ መጠጥ ካቆሙ በኋላ ወደ ቦታው እስኪመለስ ወራት ይፈጃል፣ ስለዚህ ሁለት ወር ጠብታ ያልቀመሰ ልጅ ወረቀቱ ላይ ከፍ ያለ ቁጥር ሲመጣበት ቤተሰቡ "ዋሽተኸናል" ብሎ እንዳይነሳበት። እንዲህ ተብሎ አንገቱን ደፍቶ ከላቦራቶሪ የወጣ ልጅ ፊቱ አሁንም አይጠፋኝም። ፎስፋቲዲልኢታኖል የሚባለው በደም ውስጥ የሚለካ ንጥረ ነገር ከእነዚህ ይሻላል። ሰውነት አልኮል ካላገኘ አይሠራውም፣ ያለፉትን ሁለት እስከ አራት ሳምንታት ያሳያል።

ማገርሸትን አስቀድሞ ለማወቅ ተመራማሪዎች ሌላ ቦታ ነው የሚፈልጉት። ኮርቲሶል የሚባለውን የጭንቀት ሆርሞን፣ የአእምሮን ሥራ፣ እንቅልፍን ያያሉ። ለዓመታት የጠጣ ሰው ካቆመም በኋላ የጭንቀት ሆርሞኖቹ ቶሎ ሥርዓት አይዙም፤ ይህ መዛባት የበዛባቸው ቶሎ እንደሚያገረሽባቸው በጥናት ታይቷል። ሆኖም ለአንድ ሰው "ያገረሽብሃል" ብሎ የሚፈርድ የደም ምርመራ እስካሁን የለም።

እኔ ግን ከዚህ የምይዘው አንድ ነገር አለ። ያገረሸበት ልጅ ወኔ ቢስ አይደለም፣ ሰውነቱ ገና አልተረጋጋም። እንቅልፍ እንቢ ካላችሁ፣ ሌሊቱን ስትገላበጡ ካደራችሁ፣ በትንሹ ከተበሳጫችሁ፣ ነገሩን ንቃችሁ አትለፉት፤ ለሐኪም ንገሩ። እንደ ናልትሬክሶን ያሉ ጉጉትን የሚቀንሱ መድኃኒቶች አሉ። ሸንኮራ ዮሐንስ ጸበል የምትሄዱም ሂዱ፣ ደግ ነው፤ ሐኪሙንም አትተዉ። የበዓል ቀን "ትንሽ ቅመስ፣ ምን ይልሃል" የሚል ዘመድ ሲመጣ ደግሞ ተነሱና ከቤት ውጡ፣ ቅያሜው ያልፋል።

በየቀኑ ብዙ የምትጠጡ ከሆነ ግን ብቻችሁን በአንድ ጊዜ አታቁሙ። እጅ መንቀጥቀጥና ላብ በሰዓታት ውስጥ ይጀምራል፣ በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት እንደሚጥል በሽታ ያለ መንፈራገጥ ሊያመጣ ይችላል፣ ቀጥሎም መቃዠት ሊከተል ይችላል። ይህ ነገር ሰውን ይገድላል። በአቅራቢያችሁ ወዳለ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሂዱና ስንት መለኪያ እንደምትጠጡ ሳትቀንሱ ተናገሩ።