የቆመው የእጅ ፓምፕ

ጥያቄ፦ ቀበሌያችን ከወረዳው ከተማ የአራት ሰዓት የእግር መንገድ ይርቃል። አፍሪዴቭ የእጅ ፓምፓችን መጀመሪያ ጠዋት ጠዋት ብዙ ካልተገፋ ውሃ አይሰጥም ነበር፤ አሁን እጀታው ቀልሎ ይወጣል ይወርዳል፣ ውሃ ግን የለም። ከተማ ላይ ቧንቧ ሲሰበር ቶሎ ይጠገናል፤ እኛን «ባለሙያ እስኪመጣ ጠብቁ» ካሉን ሁለት ወር አለፈ። ራሳችን ልንሠራው እንችላለን?
የውሃ ኮሚቴ አባል፣ ከሰሜን ሸዋ

መልስ፦ ትችላላችሁ። አፍሪዴቭ የመንደር ሰው እንዲጠግነው ታስቦ የተሠራ ነው። ቅሬታዎም ተገቢ ነው፤ ከተሜው የውሃ ሂሳቡን ከፍሎ ጥገናውን ለአገልግሎቱ ይተዋል፣ ገበሬው ግን አዋጥቶም ጠጋኝ ሁን ይባላል፣ መለዋወጫው ደግሞ ከተማ ነው ያለው።

የጠዋቱ መዘግየት ከታች ያለው ፉት ቫልቭ (ውሃው ወደ ጉድጓዱ እንዳይመለስ የሚይዘው መዝጊያ) ወይም የቱቦ መጋጠሚያ እንደሚያፈስ ያሳያል። እጀታው መቅለሉ ደግሞ ወይ እጀታውን ከፒስተኑ (ውስጥ ሆኖ ውሃውን ከሚያነሳው ክፍል) ጋር የሚያገናኘው ዘንግ ተላቋል፣ ወይ የፒስተኑ ዩ ሲል (የጎማ ማሸጊያው) አልቋል። ክዳኑን በመፍቻው ከፍታችሁ እጀታውን አውጡ፤ ዘንጎቹን አንድ በአንድ እየሳባችሁ ንጹሕ ላስቲክ ላይ አስቀምጡ። ፒስተኑ ሳይወጣ ከቀረ የተላቀቀው ዘንግ ነው። ከወጣ ዩ ሲሉን ቀይሩ፤ ከንፈሩ (ክፍት ጠርዙ) ወደ ላይ ይሁን። ተገልብጦ ከገባ ውሃ አያነሳም፤ ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ከካላማዳሪያ ተቆርጦ የሚገባ ጎማም አያዋጣም፣ በውሃው ግፊት ተከፍቶ ከሲሊንደሩ (ፒስተኑ ከሚመላለስበት ቱቦ) ግድግዳ ጋር የሚጣበቅ ከንፈር የለውምና። ፉት ቫልቩን በማውጫ መሣሪያው ሳቡና ኦሪንጉንና (ክብ የጎማ ማሸጊያውን) ቦቢኑን (ውሃውን የሚከፍትና የሚዘጋውን ጎማ) እዩ።

ገጥማችሁ ስትጨርሱ በአንድ ደቂቃ 40 ጊዜ ሙሉ ግፊት ግፉ፤ የ20 ሊትር ጀሪካን ቢያንስ ግማሹ መሙላት አለበት። 30 ደቂቃ ካሳረፋችሁት በኋላ ደግሞ ውሃው ከ5 ግፊት በፊት መምጣት አለበት። ካልመጣ ማፍሰሱ አልቆመም። ጥቂት ጀሪካን ሰጥቶ የሚቋረጥና አርፎ የሚመለስ ከሆነ ግን ችግሩ የጉድጓዱ ውሃ ማነስ ነው፤ መለዋወጫ አያድነውም።

ዩ ሲሉንና የእጀታውን ቡሺንጎች (እጀታው የሚዞርባቸውን ቀለበቶች) ሳይበላሹ በየዓመቱ ቀይሩ፤ ከመዋጮውም ለዚህ የሚሆን ገንዘብ ለይታችሁ አስቀምጡ። ቱቦው ከተሰነጠቀ ወይም ጉድጓዱ ከደረቀ ግን የእናንተ አቅም አይበቃም፤ ለወረዳው የውሃ ጽሕፈት ቤት ቀን ያለው ማመልከቻ አስገቡ፣ ቅጂውን በገቢ ማህተም አስመትታችሁ ያዙ። በዚያው ማመልከቻ መለዋወጫው በቅርባችሁ ባለው የገበያ ከተማ እንዲሸጥ ጠይቁ።